ማን ልበል?

በልጅነቴ ስልክ ያነሳ ሰው «ሃሎ» ካለ በኋላ የሚናገረው ቃል አስቀድሞ የታወቀ ነበር። «ማን ልበል?» ይላል። የዚህን አነጋገር ጨዋነት በደንብ ያስተዋልሁት ከአፋችን መጥፋት ከጀመረ በኋላ ነው። ሰውየው «ማን ነህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ በስልክም ቢሆን እንዲህ ማለት ነውር ነበር። «ማን ልበል?» ሲል ራሱን በደዋዩና በተፈላጊው መካከል ያቆማል፤ የምጠይቅህ ለራሴ ብዬ አይደለም፣ ገብቼ ለምጠራልህ ሰው ማን ፈለገህ ልበለው ማለቱ ነው። ተፈላጊው ራሱ ስልኩን ቢያነሳ እንኳ ያንኑ ይል ነበር፤ የገዛ ራሱ በረኛ የሆነ ይመስል። ዛሬ ስልኬ ሲጮኽ የደዋዩ ስም፣ አንዳንዴም ከነፎቶግራፉ፣ ገና ሳላነሳው ይታየኛል። ማንነቱ ስለታወቀ የሚቀረው ጥያቄ «የት ነህ?» ብቻ ሆኗል።

የስልክ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የዕቃው ታሪክ ሆኖ ይጻፋል። ግድግዳ ላይ ከሚሰቀለው ሣጥን ተነሥቶ ኪስ ውስጥ እስከሚገባው መስተዋት ድረስ እንዴት እያነሰና እየቀጠነ እንደመጣ ይተረካል። እኔን የሚገርመኝ ግን በመካከል የነበረው ሰው ቀስ በቀስ መወገዱ ነው። ዕቃው በተሻሻለ ቁጥር ከደዋዩና ከተደዋዩ መካከል አንድ ሰው ወጥቷል፤ እኔም በዕድሜዬ አራት ወይም አምስት እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲወጡ አይቻለሁ።

ያደግሁት አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሃያ የሚሆኑ ቤቶች ባሉበት አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ከእነዚያ ቤቶች ሁሉ ስልክ የነበረው አንዱ ብቻ ሲሆን፣ የቤቱን እመቤት እኛ ልጆች «እትዬ» እንላቸው፣ ሌላው ሰው ደግሞ እሳቸው በሌሉበት «ባለስልኳ» ይላቸው ነበር። ስልኩ ጥቁርና ከባድ ነበር። ሳሎኑ ጥግ ላይ ባለች አነስተኛ ጠረጴዛ ነጭ ዳንቴል ተነጥፎለት፣ ከላይም በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ ጨርቁ የሚነሣው ሲደወል ወይም እንግዳ ሲመጣ ነው። ለእናቴ ሲደወልላት እትዬ በአቅራቢያው ያገኙትን ልጅ «ሩጥና ጥራት፣ ከድሬዳዋ ነው» ብለው ይልካሉ። እናቴ ታዲያ ወንድሟ መስመር ላይ እየጠበቃት መሆኑን እያወቀች፣ ነጠላዋን ሳትለብስ ከቤት አትወጣም ነበር። የምትሄደው ሰው ቤት ነው፤ የምታናግረውም ታላቅ ወንድሟን ነው፤ ባያያትም እርሷ ታውቀዋለች። ቆማ ትናገራለች፣ በሳሎኑ ያሉት ሰዎች ሁሉ እየሰሙ እንዳልሰሙ ወደ መስኮቱ ያያሉ፣ ስልኩ ሲዘጋ ደግሞ «ደህና ናቸው?» ይሏታል፤ የሰሙትን እንደገና ትነግራቸዋለች። ቡናም ይደርሳል። ሦስት ደቂቃ የፈጀ ስልክ ሁለት ሰዓት ይዟት ይቀራል።

«ስልክ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሽቦ ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ያዩት ደወሉን ወይም ድምፁን ሳይሆን አገር አቋርጦ የሚሄደውን ሽቦ መሆኑ አያስደንቅም፤ ዛሬም ረጅም ሰው «የስልክ እንጨት» እየተባለ ይቀለድበታል። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1876 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን ካስመዘገበ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ መጋቢት 10 ቀን፣ በሽቦው ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረው በሌላው ክፍል ለነበረው ረዳቱ ለዋትሰን ነበር፤ ቃሉም «ወደዚህ ና፣ ላይህ እፈልጋለሁ» የሚል ነበር። ወደዚህ «ና» ወደሚለው ቃል በኋላ እመለሳለሁ።

ወደ እኛ አገር ለመድረስ ሃያ ዓመት እንኳ አልፈጀበትም። ራስ መኰንን ከኢጣሊያ ጉዟቸው ሲመለሱ ስልክ ይዘው እንደመጡና፣ ሰው የሌለበት ድምፅ ከሣጥን ሲወጣ የሰሙ ካህናት የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደተቃወሙ ሲተረክ ኖሯል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግን ጥቅሙን ፈጥነው አዩት። ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ ታስቦ፣ ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው የስልክና የቴሌግራፍ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። መልእክተኛ በበቅሎ ሳምንታት የሚፈጅበትን ጉዳይ ንጉሡ በዚያው ቀን መጨረስ ቻሉ፤ ከቤተ መንግሥት ርቆ የሚገዛ መኳንንትም ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው ሩቅ አልነበረም። ድምፅ በረጅም ሽቦ ላይ እየደከመ ስለሚሄድ ግን በየጣቢያው የተቀመጠው ስልከኛ ጆሮውና አፉ የመሣሪያው አካል ነበሩ። የንጉሡን ቃል መጀመሪያ የሚሰማው እርሱ ነው። ካህናቱ ሰይጣንን ፈርተው ከነበረ፣ መኳንንቱ ይልቅ ስልከኛውን መፍራት ነበረባቸው እላለሁ።

ስልከኛውን ከመካከል ያወጣው ሰው ታሪክ ሁልጊዜ ያስቀኛል። አልሞን ስትሮውጀር በአሜሪካ፣ በካንሳስ ሲቲ፣ ቀብር አስፈጻሚ ነበር። በዚያ ዘመን ስልክ የሚደውል ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ማዞሪያ ቤት የተቀመጠችውን ሠራተኛ ነው፤ የፈለገውን ሰው ይነግራታል፣ እርሷም ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅላ ሌላው ላይ ትሰካለታለች። እንደሚባለው የከተማዋ ማዞሪያ ሠራተኛ የስትሮውጀር ተወዳዳሪ የሆነው ቀብር አስፈጻሚ ዘመድ ስለነበረች፣ ሰው ሞቶበት የሚደውለውን ሁሉ ወደ ዘመዷ ታዞርበት ነበር። ሰውየው ተናዶ፣ ሠራተኛ ሳያስፈልግ ደዋዩ ራሱ በሚልከው የኤሌክትሪክ ምት መስመሩን የሚመርጥ መሣሪያ ፈጠረ፤ መብቱን በ1891 እ.ኤ.አ. አስመዘገበ፣ በማግሥቱ ዓመትም ኢንዲያና ውስጥ ላ ፖርት በምትባል ከተማ ሥራ ላይ ዋለ። እድር ባለበት አገር ቢወለድ ኖሮ ይህ ንዴት አይደርስበትም ነበር፤ እኛ ዘንድ ቀብር ተወዳዳሪ የሚሻማበት ገበያ ስላልነበረ፣ አውቶማቲክ ስልክንም ሌላ ሰው በሌላ ምክንያት መፍጠር ይኖርበት ነበር።

የስትሮውጀር ሐሳብ እትዬ ሳሎን ድረስ ደርሶ ነበር። ያ ጥቁር ስልክ ፊቱ ላይ ዐሥር ቀዳዳ ያለው ክብ መደወያ ነበረው። ጣት ከቶ እስከ ማቆሚያው አዙሮ መልቀቅ ነው፤ ክቡ «ቅርርርር» እያለ ወደ ቦታው ሲመለስ በውስጡ ያለው መሣሪያ የመስመሩን ኤሌክትሪክ በቁጥሩ ልክ ያቋርጠዋል። ሦስት ከተደወለ ሦስት ጊዜ፣ ዜሮ ከተደወለ ደግሞ ዐሥር ጊዜ። ማዞሪያ ቤት ያለው መሣሪያ የሚያውቀው እነዚህን መቆራረጦች ቆጥሮ መስመር መምረጥ ብቻ ነው። እትዬ በበኩላቸው መንደሩ ሁሉ እየገባ እንዳይደውል ከቀዳዳዎቹ በአንደኛው የሻንጣ ቁልፍ የምታህል ቁልፍ ቆልፈውበት፣ መክፈቻዋን ከአንገታቸው ማተብ ጋር አስረዋት ነበር። የመጣ ስልክ ማንሳት ይቻላል፤ መደወል ግን አይቻልም።

የእትዬ የመጨረሻ ልጅ የእኔ እኩያ ነበር። የስልኩን ምስጢር ያወቀው ማን አስተምሮት እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ቁልፉ የሚይዘው ክቡን ነው፤ ክቡ ግን ኤሌክትሪኩን ከማቋረጥ በቀር ሌላ ሥራ የለውም። እጀታው የሚያርፍባቸውን ሁለት ነጫጭ ጉጦች በጣት ጫን ለቀቅ ማድረግም ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል። ስለዚህ እጀታውን ጆሮ ላይ አድርጎ ጉጦቹን በፍጥነት አራት ጊዜ መምታት አራት መደወል ነው፤ ትንሽ ፋታ፣ ከዚያ የሚቀጥለው ቁጥር። «ስልክ መምታት» የሚለው የአማርኛ አነጋገር በትክክል ሲሠራ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። የአዲስ አበባ ቁጥር በዚያ ጊዜ ስድስት አኃዝ ነበር። ዘጠኝና ዜሮ ያለበት ቁጥር ጠላታችን ነበር፤ ስምንተኛው ምት ላይ ጣት ከዘገየ ማዞሪያው ቁጥሩ ያለቀ መስሎት ስምንት ብሎ ይመዘግባል፤ የማናውቀው ሰው ቤት ይጮኻል። እትዬ ገበያ በሄዱበት ቅዳሜ፣ አብራን የምትማር አንዲት ልጅ ቤት በብዙ ድካም መትተን ገባን። ያነሱት አባቷ ነበሩ። በወፍራም ድምፅ «ማን ልበል?» አሉ። ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀንም ነበር። እጀታውን ከነላቡ ቦታው መልሰን ሮጥን። የወሩ ሒሳብ ሲመጣ እትዬ አንድም ሰው ሳይቆጡ ስልኩን ከነጠረጴዛው ወደ መኝታ ቤታቸው አስገቡት።

ከክፍለ ሀገር ጋር መነጋገር ግን በአዲስ አበባው አውቶማቲክ ስልክ ዘመንም ቢሆን ሌላ ዓለም ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ በመምህርነት የተመደብሁት ወሎ ውስጥ በምትገኝ አንዲት አነስተኛ ከተማ ነበር። በከተማዋ ያሉት ስልኮች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ሁሉም የሚገናኙት አንዲት ሴት በምትሠራበት አንድ ክፍል የስልክ ቤት ነው። መሣሪያው በእጅ የሚዞር ዘንግ ነበረው፤ ዘንጉ ሲዞር የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ በሌላኛው ጫፍ ያለውን ደወል ይመታል። ደንበኛው የሚፈልገውን ቁጥር በወረቀት ጽፎ ይሰጣታል፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ ግማሽ ቀን፤ መስመሩ ሲገኝ ስሙ ይጠራና በእንጨት ወደተሠራችው ጠባብ ካቢን ይገባል። ካቢኗ በር ቢኖራትም ሩቅ ያለ ሰው የሚሰማው በጩኸት ስለነበረ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሁሉ ጉዳይህን ያውቃል። «ሦስት ደቂቃ ሞልቷል፣ ይቀጥላሉ?» የሚለው ድምፅም በመሀል ይገባል።

የእኔ ችግር ደግሞ ሌላ ነበር። የስልክ ቤቷ ሴት አዲስ አበባን ታገኛለች፣ አዲስ አበባ እትዬን ታገኛለች፣ እትዬ «ማን ልበል?» ብለው ልጅ ይልካሉ፣ ልጁ ይሮጣል፣ እናቴ ነጠላዋን ትፈልጋለች፤ በዚህ ሁሉ መካከል ሒሳቡ ይቆጥራል። መላ የፈጠረችልን ሴትዮዋ ናት። ለአዲስ አበባ ባልደረባዋ ቀድማ ትናገራለች፣ እርሷ ለእትዬ ትነግራለች፣ እናቴም በማግሥቱ በዐሥር ሰዓት ነጠላዋን ለብሳ ስልኩ አጠገብ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። እናቴ በሌለችበት ቀንም ሴትዮዋ በባዶ አትሸኘኝም ነበር። «እናትህ ሰንበቴ አለባቸው፣ ደህና ናቸው፣ ለሰኞ ደውል ብለዋል» ትለኛለች። በድምፄ ብቻ የሚያውቁኝ ሦስት አራት ሰዎች ነበሩ፤ እኔም አውቃቸው ነበር።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይህች ሴት የስልክ ቤቱን ቆልፋ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጣች። ከሥራዋ ተነሥታ ስትወጣ አይቻት አላውቅም ነበር። «ከአዲስ አበባ ተደውሎ ነበር፤ አባትህን ትንሽ አሟቸዋል፤ ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ብትሄድ ጥሩ ነው» አለችኝ። ዓይኗን አላነሳችም። ጠዋት መናኸሪያ ስደርስ ሁለት ባልደረቦቼ ሻንጣ ይዘው ቆመዋል፤ አንደኛው «ለጉዳይ አዲስ አበባ እየሄድን ነው፣ ጥሩ ጓደኛ አገኘን» አለኝ። ቀኑን ሙሉ በመንገድ ላይ ስለ ትምህርት፣ ስለ ዋጋ፣ ስለማይረባ ነገር እያወሩ አመጡኝ። ሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ባሳደሩኝ የአጎቴ ቤት፣ የሰፈራችን ሽማግሌዎች ገብተው መርዶዬን ነገሩኝ። በኋላ ስቆጥረው አባቴ መሞቱን ከእኔ በፊት ያወቁት የአዲስ አበባዋ የስልክ ሠራተኛ፣ የወሎዋ ሴትዮ፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር፣ ሁለቱ ባልደረቦቼና ሽማግሌዎቹ ነበሩ። ወሬው በሽቦ የደረሰው በደቂቃ ውስጥ ነው፤ ከሴትዮዋ እጅ ወደ እኔ ጆሮ ለመድረስ ግን አንድ ቀን ተኩልና ሁለት ሌሊት ፈጀበት፤ ያን ጊዜ የሠሩልኝ ሰዎች ናቸው። ስልክ ያለቦታው እንዳይናገር አፉን የያዙለት ይመስለኛል። ለሞት ጉዳይ ስልክ የሚፈቀድለት ቃል ያው ቤል መጀመሪያ የተናገረው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ና»።

ከዚያ ወዲህ ያለው ለውጥ ሩጫ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ወር የሞቶሮላው መሐንዲስ ማርቲን ኩፐር ከኒው ዮርክ መንገድ ላይ፣ አንድ ኪሎ በሚበልጥ መሣሪያ፣ የመጀመሪያውን የእጅ ስልክ ጥሪ ሲያደርግ የደወለው ለተፎካካሪው ድርጅት መሐንዲስ ለጆኤል ኤንግል ነበር። ነገሩ መኩራራት ነው፤ ትልቁ ቁም ነገር ግን ቁጥሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤት መሆኑ ቀርቶ የሰው መሆኑ ነው። ለቤት የሚደውል ሰው ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰላም ማለት ግዴታው ነበር። ለሰው የሚደውል ግን ማንንም አያልፍም።

ወደ እኛ የደረሰው በ1991 ዓ.ም. ሲሆን መጀመሪያ የተዘጋጀው ለ36,000 ደንበኞች የሚበቃ መስመር ነበር፤ አገልግሎቱም ከአዲስ አበባ ጀመረ። የያኔው ሞባይል የባለጸጋ ዕቃ ነበር። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ቁጥሮች ሁሉ ሲረዝሙ የእነዚያ ቀደምት ደንበኞች ቁጥር 0911 ሆነ፤ እስከ ዛሬም በ0911 የሚጀምር ቁጥር ያለው ሰው ሲናገረው ትንሽ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ የድሮ ርስት እንዳለው ባላባት። እኔ የገባሁበት ዘግይቼ፣ ካርድ በምንፍቅበት ዘመን ነው። የሃምሳ ሳንቲም ጠርዝ፣ ጥፍር ሥር የሚገባ ብርማ ብናኝ፣ ከዚያ *805* ብሎ ቁጥሩን ማስገባት፣ *804# ብሎ የቀረውን ማየት። ሒሳብ ላለማውጣት የተፈጠረው የ«ሚስኮል» ቋንቋም ነበር፤ አንድ ጊዜ ጮኾ ከተዘጋ «ደርሻለሁ»፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ «ውጣ»፣ ሦስት ጊዜ ከሆነ «የምር ነው፣ አንተ ደውል»። ማንም ሳይሰማው፣ ማንም ሳያስከፍለው የሚሄድ መልእክት ነበር፤ እኔና የእትዬ ልጅ ጉጦቹን ስንመታ ያደረግነውን ያስታውሰኛል።

የጽሑፍ መልእክት ሲመጣ ከድምፅም ተገላገልን። በ1992 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ወር እንግሊዝ አገር የተላከው የመጀመሪያው መልእክት የገና ምኞት ነበር። አንዱ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው፤ የላቲን ፊደል እያንዳንዱ ከአንድ ባይት ትንሽ ያነሰ ስለሚወስድ 160 ሆሄ ይገባበታል። የግዕዝ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሁለት ባይት ስለሚወስድ በአንድ መልእክት የሚገባው 70 ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስልኮች ደግሞ ጨርሶ ፊደላችንን አያውቁትም ነበር። አንድ ትውልድ አማርኛን በላቲን ሲጽፍ የኖረው ፊደሉን ንቆ ነው የሚል ወቀሳ ስሰማ ይህን መቁጠር ይዳዳኛል። ጠ እና ተ፣ ጸ እና ሰ ተምታተው፣ «ጠፋ» ማለቱ ይሁን «ተፋ» የማይታወቅ መልእክት አንብበናል። ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ አገልግሎቱ ተቋርጦ እስከ ሚሌኒየሙ መባቻ ሁለት ዓመት ያህል ዝግ ሆኖ ስለቆየ፣ መልመዳችንም ዘግይቷል።

በመካከል ያለ ሰው ሲወገድ ደስታ ብቻ የሆነበትን አንድ ጊዜ ግን አውቃለሁ። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣ ወዲህ አዲስ አበባና አሥመራ በስልክ አይገናኙም ነበር። ዘመድ ያለው ሰው አሜሪካ ወይም አውሮፓ ወይም ሱዳን ያለ ሌላ ዘመዱን ይለምናል፤ ያ ሰው ለሁለቱም ይደውላል፣ የአንዱን ለአንዱ ያደርሳል። ሃያ ዓመት እንዲህ ከኖረ በኋላ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መስመሩ ተከፈተ። በዚያ ሳምንት በ291 የሚጀምር ቁጥር በዘፈቀደ እየመቱ፣ ላነሳው ለማያውቁት ሰው «ከአዲስ አበባ ነው፣ እንዴት ናችሁ?» ያሉ ብዙዎች ነበሩ፤ ከወዲያም እንዲሁ። ጎረቤቴ አንዱ ከሥራ ሲመለስ አሥመራ ላይ ከአንዲት እናት ጋር ሲያወራ ማርፈዱን ነገረኝ። ስሟን አልጠየቃትም። እርሷም «ማን ልበል?» አላለችውም፤ «ማን ጠፍቶብህ ነው የኔ ልጅ?» ነው ያለችው።

እናቴ የእጅ ስልክ የያዘችው ልጆቿ ስንበተን ነው። ታናሽ ወንድሜ ወደ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሄደ በኋላ ፊቱን ማየት ስለፈለገች ኢሞ የሚሠራበት ስልክ ገዛንላት፤ ዐረብ አገር ልጅ ያላቸው ጎረቤቶቿም ሁሉ የያዙት እሱኑ ነበር፣ አጠቃቀሙንም ያስተማሯት እነሱ ናቸው። የወንድሜ ፎቶግራፍ መስተዋቱ ላይ ሲያበራ እያየችው፣ ነጠላዋን እስክትለብስ ታስጮኸዋለች። ከዚያ ታነሣውና «ማን ልበል?» ትላለች። «እማዬ፣ እያየሽኝ!» ይላታል። «እና ብጠይቅ ምን አለበት?» ትለዋለች።

ያረፈችው ባለፈው ዓመት በሰኔ፣ ሲመሽ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ገና እኩለ ቀን ነበር። ወዲያው ለወንድሜ የንስሐ አባትና ለሁለት ያገራችን ሰዎች ደወልሁላቸው፤ በማግሥቱ ማለዳ፣ ከሥራ በፊት፣ ቤቱ ሄደው ሊያረዱት ተስማማን። ለቤተሰቡ ሁሉም እንዳይጽፍ፣ እንዳይለጥፍ ተነገረ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከዘመዶቻችን ልጆች አንዱ፣ በለቅሶው ልቡ ተነክቶ፣ የእናቴን ፎቶግራፍ ከጧፍ ምስል ጋር ፌስቡክ ላይ አወጣው። ልጁ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ መቆጣትም አልቻልሁም። ሮጠን አስጠፋነው። ለወንድሜ ስደውል ስልኩ ዝግ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ዝግ ሆኖ አደረ።

የሆነውን የነገረኝ ለአርባዋ ሲመጣ ነው። ምስሉን ያየው በምሳ ሰዓቱ ነው። ስልኩን ዘጋ፣ ሥራውን ጨረሰ፣ ቤቱ ገባ። ሽማግሌ እንደሚመጣ ያውቃል፤ አባታችን ሲሞት እንዴት እንደተረዳን ያውቃል። ሳሎኑን ጠረገ፣ ከመኝታ ክፍሉ ወንበር አውጥቶ ጨመረ፣ ተቀምጦ አነጋ። ሲያንኳኩ ከፈተላቸው። ገብተው ተቀመጡ፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ አየሩ ትንሽ አወሩ፤ እሱም መለሰላቸው። ከዚያ ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። እስኪጨርሱ ጠበቃቸው፣ ከዚያም ገና እንደሰማ ሰው አለቀሰ።